ስለ መኪና አምፕሊፋየር አገጣጠምና ማስተካከያ፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ «የምኖረው ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ነው። ወደ አጋሮ የምመላለስበት የቆየ ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። አዲስ ቴፕ፣ 1800 ዋት የሚል ባለ 4 ቻናል አምፕሊፋየር፣ ለፊት በሮች ሁለት ባለ 6.5 ኢንች ስፒከሮች፣ እንዲሁም ባለ ሁለት ኮይል 12 ኢንች ሰብ ውፈር ገዝቼ አንድ ልጅ ገጠመልኝ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሲነሣ ስፒከሮቹ ያፏጫሉ፤ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ፉጨቱ ይቀጥናል። ድምፁን ከፍ ሳደርግ አምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት አብርቶ ይጠፋል። ማታ ቤዙ ሲመታ የፊት መብራቴ ይደበዝዛል። መኪናዋ ሁለት ቀን ከቆመች ደግሞ ባትሪው አያስነሣም። ካፓሲተር ልግዛ ወይስ ትልቅ ባትሪ? ጌይኑንስ ምን ላይ ላድርገው?»

ለጊዜው ሁለቱንም አይግዙ። ከጥያቄዎ ጋር የላኳቸውን ፎቶግራፎች በጥንቃቄ እንደተመለከትኩት፣ ያነሷቸው ችግሮች በአብዛኛው የሚመነጩት ከአገጣጠሙ ነው፤ ከፊሎቹ ምንም ሳይገዛ፣ ቀሪዎቹ ደግሞ ጥቂት ሜትር ደህና የመዳብ ሽቦና አንድ ፊውዝ በመግዛት ሊስተካከሉ ይችላሉ። የሚያስፈልግዎ ዋና መሣሪያ ቴስተር ነው። መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች የሚገኘው ርካሹ ዲጂታል ቴስተር ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ አንድ ጉድለት አለበት፣ እሱን ወደ ጌይኑ፣ ማለትም ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ ጋር ወደሚያስተካክለው ቁልፍ፣ ስንደርስ አነሣዋለሁ። የምጽፈውን ቅደም ተከተል እንዳያፋልሱት አደራ እላለሁ፤ መስመሩ ሳይስተካከል ጌይን ማስተካከል ነገ ተመልሶ የሚፈርስ ሥራ ነውና።

በመጀመሪያ ስለ 1800 ዋቱ። ይህ ቁጥር ገዢ ለመሳብ በካርቶኑ ላይ የተጻፈ ሲሆን፣ አምፕሊፋየሩ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል አይገልጽም። እውነቱን ለመገመት ጎኑ ላይ የተሰኩትን ፊውዞች ማየት ይበቃል። በፎቶው ላይ ሁለት ባለ 25 አምፔር ፊውዞች ይታያሉ፤ ስለዚህ ዕቃው ለረጅም ጊዜ ሊስበው የሚችለው ኮረንቲ ቢበዛ 50 አምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ የሚኖረውን ቮልቴጅ 13.8 ብንወስድ፣ 50 በ13.8 ተባዝቶ 690 ዋት ይሆናል። ይህ የሚገባለት ኃይል ነው። እንደ እርስዎ ያለ ክላስ ኤቢ የሚባል የአሠራር ዓይነት ያለው አምፕሊፋየር ከሚገባለት ውስጥ ወደ ስፒከሩ የሚያደርሰው 55 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ ቀሪው በሰውነቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ከዚህ ዕቃ ከ380 ዋት በላይ መጠበቅ አይቻልም። የመመሪያው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የሰፈረውም ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል፦ በ4 ኦም (ኦም ስፒከሩ ኮረንቲን የሚቋቋምበት መጠን፣ ማለትም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) ለእያንዳንዱ ቻናል 60 ዋት፣ በ2 ኦም 90 ዋት፣ ሁለት ቻናሎች ብሪጅ ሲደረጉ (ተጣምረው አንድ ስፒከር ሲያሠሩ) ደግሞ በ4 ኦም 180 ዋት ይላል። ለኮሮላ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከዚህ በኋላ የምናሰላው ሁሉ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የተመሠረተ ይሆናል፤ 1800ን ይርሱት።

ወደ ቀዩ መብራት እንምጣ። ሰብ ውፈርዎ እያንዳንዳቸው 4 ኦም የሆኑ ሁለት ኮይሎች አሉት። የገጠመው ልጅ ሁለቱን ፖዘቲቮች ለብቻ፣ ሁለቱን ኔጌቲቮች ለብቻ አንድ ላይ አስሮ፣ ማለትም በፓራሌል አድርጎ፣ ብሪጅ ከተደረጉት ከ3ኛውና ከ4ኛው ቻናሎች ጋር አገናኝቶታል። ሁለት 4 ኦሞች በፓራሌል ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ በብሪጅ ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ቻናሎች ጭነቱን ስለሚካፈሉ እያንዳንዱ ቻናል የሚገጥመው የዚያ ግማሽ፣ 1 ኦም ብቻ ነው። መመሪያው ለአንድ ቻናል የሚፈቅደው ዝቅተኛው 2 ኦም ነው። አምፕሊፋየሩ የሚጠፋው ከአቅሙ በላይ ኮረንቲ እንዲሰጥ ስለተገደደ ነው፤ ቀዩ መብራት ባይኖር ኖሮ የውጤት ትራንዚስተሮቹ እስካሁን ተቃጥለው ነበር።

መፍትሔው የአንዱን ኮይል ኔጌቲቭ ከሌላው ኮይል ፖዘቲቭ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ፣ በቀሩት ሁለት ጫፎች ላይ አምፕሊፋየሩን ማሰር ነው። ይህ የሴሪ አስተሳሰር 8 ኦም ይሰጣል። ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው በቴስተር ሲለኩት 7 አካባቢ ካነበበ ትክክል ነው፤ በቴስተር የሚለካው ሬዚስታንስ ከተጻፈው ኦም ዘወትር ትንሽ ዝቅ ይላል። ወደ 2 የሚጠጋ ካነበበ ግን አሁንም በፓራሌል ነው። በብሪጅ በ8 ኦም የሚያገኙት 120 ዋት ይሆናል። ከ180 ወደ 120 መውረዱ ቅር ሊያሰኝዎት ይችላል፤ በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል ሲሰላ ግን ልዩነቱ 2 እንኳ አይሞላም፣ መንገድ ላይ በሚሄድ መኪና ውስጥ ጆሮ ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። ድምፅ በእጥፍ የጨመረ መስሎ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም የ10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ዋት በመጨመር ብቻ ድምፅ እናገኛለን የሚሉ ሰዎች ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱት ይህን ባለማወቅ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላም ቀይ መብራቱ ከበራ መቼ እንደሚበራ ያስተውሉ። ድምፅ ከፍ እንደተደረገ ወዲያው የሚበራ ከሆነ አንድ ቦታ ሾርት አለ፤ ብዙውን ጊዜ የበሩ ስፒከር ሽቦ በበሩ ማጠፊያ በኩል ሲያልፍ ተልጦ ብረት ነክቶ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ከተጫወተ በኋላ፣ ሰውነቱ እጅ የማያስነካ ሆኖ የሚበራ ከሆነ ሙቀት ነው። ጅማ 1780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከቆላው ሳሳ ያለ፣ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም በመጠኑ ያነሰ ቢሆንም፣ በከተማው ቅዝቃዜ ይህ እምብዛም አይታወቅም፤ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ጊቤ በረሃ ላይ፣ ያውም በሻንጣ በታጨቀ የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ሲሆን ግን በደንብ ይታወቃል። ሞተር ጠፍቶ ሲጫወት ብቻ የሚበራ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ የቮልቴጅ ማነስ ነው።

ያልጠየቁኝ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። በፎቶው ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንሥቶ እስከ አምፕሊፋየሩ ድረስ አንድም ፊውዝ አይታይም። አምፕሊፋየሩ ላይ ያሉት ፊውዞች አምፕሊፋየሩን እንጂ ሽቦውን አይጠብቁም። ሽቦው በሞተሩና በሾፌሩ ክፍል መካከል ያለውን የብረት ግድግዳ ያለ ጎማ ቀለበት፣ በተበሳ ቀዳዳ ነው የሚያልፈው፤ የአጋሮ መንገድ ንዝረት ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ከቆረጠው፣ ባትሪው ያለምንም ገደብ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በዚያ ሽቦ ይለቃል፤ ምንጣፉ ሥር የሚነሣውን እሳት ማንም ደርሶ አያጠፋውም። ስለዚህ ይህን ካነበቡ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዎ የባትሪውን ኔጌቲቭ መንቀል፣ ቀጥሎም ያን ሽቦ ከባትሪው ላይ ማንሣት ይሁን። ተመልሶ የሚገባው ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ ባለ 50 አምፔር ፊውዝ ከእነ መያዣው ተገጥሞለት፣ ቀዳዳው የጎማ ቀለበት ተደርጎለት፣ ዙሪያውም ውኃ እንዳያስገባ በሲሊኮን ተደፍኖ ብቻ ነው።

ሽቦው ራሱም መለወጥ አለበት። «8 ጌጅ» የሚል ጽሑፍ ቢኖርበትም፣ በተላጠው ጫፍ እንደሚታየው ውፍረቱ የፕላስቲኩ ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት የእውነተኛ 8 ጌጅን፣ ማለትም የ8.4 ካሬ ሚሊ ሜትርን፣ ግማሽ የሚያህል አይመስልም። አንዷን ክር በቢላ ፋቅ ፋቅ ያድርጓት፤ ከቀዩ ቅብ ሥር ነጭ ብረት ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ይህም ከንጹሕ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ሬዚስታንስ አለው። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ሽቦ 5 ሜትር ሲረዝም ሬዚስታንሱ 0.034 ኦም ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 40 አምፔር ሲያልፍበት 1.3 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በዚያው ርዝመት 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ ቢሆን የሚቀረው 0.2 ቮልት ገደማ ነው። ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው ካልተገኘ፣ ለብየዳ ማሽን የሚያገለግለው ባለ ደቃቅ ክር የመዳብ ኬብል ስለሚተጣጠፍ በጣም ጥሩ ምትክ ነው፤ ለቤት መስመር የሚውለው ወፍራም ክር ያለው ኬብል ግን ግትር በመሆኑ ለሚንቀጠቀጥ መኪና አልመርጠውም። የብየዳ ኬብሉንም ቢሆን ከመግዛትዎ በፊት በቢላ ይፋቁት፤ እዚያም አሉሚኒየሙ ገብቷል።

የሽቦውን ጤንነት ለማረጋገጥ አንድ ቀላል ልኬት አለ። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በረጅም ሽቦ ቀጥለው የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ ሞተሩ እየሠራ 50 ኸርዝ የሆነ ተከታታይ ድምፅ በሰብ ውፈሩ ያጫውቱ። ሙዚቃ ከሆነ ቁጥሩ ስለሚዘል አይነበብም። የሚታየው ቁጥር በሽቦው ላይ የጠፋው ቮልቴጅ ነው፤ ከ0.3 ካለፈ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ወይም አንድ መጋጠሚያ ላልቷል። በማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር በሚታሰረው የኔጌቲቭ መስመር በኩልም፣ የአምፕሊፋየሩን ኔጌቲቭና የባትሪውን ኔጌቲቭ በተመሳሳይ መንገድ ይለኩ፤ እዚያ ከ0.2 በታች መሆን አለበት።

እንደ ፎቶው ከሆነ የእርስዎ ማሳ ይህን ልኬት አያልፍም። የታሰረው ምንጣፉን በያዘች ቀጭን ብሎን፣ በቀለም በተሸፈነ ቆርቆሮ ላይ ነው። ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም፤ አሁን እየሠራ ያለው በብሎኗ ጥርስ ጫፍ ብቻ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ የመኪናውን ጠንካራ አካል ይምረጡ፤ የወንበር ቀበቶ የታሰረበትን ብሎን ግን አይንኩ፣ እሱ የሕይወት ጉዳይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፋቁት፤ ሽቦው የተጨመቀበትን ቀለበት በቀጥታ በተፋቀው ብረት ላይ አሳርፈው፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ከላይ አድርገው በወፍራም ብሎን ያጥብቁ። ከዚያ በላዩ ግሪስ ወይም ቀለም ይቀቡት። ይህን የመጨረሻውን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወራት በሚሸፍንበት፣ በዓመትም ወደ 1500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚወርድበት እንደ ጅማ ባለ ቦታ ግን የተፋቀ ብረት ሳይቀባ ከቀረ ዝጎ፣ ማሳው ወደ ነበረበት ይመለሳል። የማሳው ሽቦ ውፍረት ከፖዘቲቩ ጋር እኩል ይሁን።

ፉጨቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ መቅጠኑ መነሻው ዲናሞው መሆኑን ይጠቁማል። ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኮረንቲ በዳዮዶች አልፎ ቀጥተኛ ቢሆንም፣ ጥቂት ሞገድ ይቀርበታል። ጤነኛ በሆነ አገጣጠም ያ ሞገድ አይሰማም፤ የሚሰማው የቴፑ ማሳና የአምፕሊፋየሩ ማሳ እኩል ሳይሆኑ ቀርተው፣ ልዩነቱ የድምፅ ምልክቱን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚያደርሰው በአር ሲ ኤ ኬብሉ ሽፋን በኩል መንገድ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ማሳውን ከላይ እንደተባለው ካስተካከሉ ፉጨቱ በዚያው ሊጠፋ ይችላል። ካልጠፋ፣ መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው አምፕሊፋየሩን አጥፉና አር ሲ ኤውን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ፤ ከዚያ መልሰው አብርተው ያዳምጡ። አር ሲ ኤው ተነቅሎም የሚያፏጭ ከሆነ ነገሩ በአምፕሊፋየሩ የኃይል ወይም የማሳ መስመር ላይ ነው። ሲነቀል ጸጥ ካለ ግን የሚመጣው ከኬብሉ ወይም ከቴፑ በኩል ነው።

ኬብሉን በተመለከተ፣ ፎቶው ላይ አር ሲ ኤውና የኃይል ሽቦው በአንድ ፕላስተር ተጠቅልለው በሾፌሩ በኩል ባለው የበር ደፍ ሥር ሲያልፉ ይታያል። ይለያዩዋቸው፤ ኃይሉ በባትሪው ወገን፣ አር ሲ ኤው በሌላኛው ወገን ይሂድ፤ የግድ መሻገር ካለባቸው ጎን ለጎን ሳይጓዙ በመስቀለኛ ይሻገሩ። ቴፑን በተመለከተ ደግሞ አንድ የተለመደ ጉዳት አለ፦ የአምፕሊፋየሩ ማሳ በላላበት ሁኔታ አር ሲ ኤ ሲሰካና ሲነቀል፣ በአንዳንድ ቴፖች ውስጥ የአር ሲ ኤውን ማሳ የሚይዘው በጣም ደቃቅ የሆነ መስመር ይቃጠላል። ለማረጋገጥ የአር ሲ ኤውን የውጭ ቀለበት ከቴፑ የብረት ሰውነት ጋር ለሙከራ በአንድ ቁራጭ ሽቦ ያነካኩ፤ ፉጨቱ ወዲያው ከቆመ በሽታው ታወቀ፣ መድኃኒቱም ያችኑ ሽቦ በቋሚነት ማሰር ነው። ማጣሪያ ተብለው ወደሚሸጡት ትንንሽ ሳጥኖች አይቸኩሉ፤ ርካሾቹ ፉጨቱን ይዘው ሲሄዱ የታችኛውን ቤዝም ይዘው ይሄዳሉ። ሁሉም ተሞክሮ ፉጨቱ ከቀጠለ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ በኤሲ ቮልት ይለኩ፤ ከ0.1 ቮልት ብዙ ካለፈ የዲናሞው ዳዮድ መታየት አለበት።

ባትሪው ሁለት ቀን ቆሞ የሚሞትበት ምክንያት በፎቶው ላይ ግልጽ ነው። ሪሞት የሚባለው፣ አምፕሊፋየሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቀጭን ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ የራሱ ፖዘቲቭ ጋር በአጭሩ ተገናኝቷል፤ ይህም ማለት አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል። እንዲህ ያለ ዕቃ ምንም ሳያጫውት 1 አምፔር ገደማ ቢስብ እንኳ፣ 45 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በሁለት ቀን ውስጥ ይነጥፋል። ሪሞቱ መነሣት ያለበት ከቴፑ ጀርባ ነጭ መስመር ካለበት ሰማያዊ ሽቦ ነው። ሙሉ ሰማያዊ የሆነው በብዙ ቴፖች ለአንቴና የተመደበ ስለሆነ ከሬዲዮ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ብሉቱዝ ሲቀየር ኃይሉ ሊቋረጥ ይችላል። ካሰሩት በኋላ በአምፕሊፋየሩ ሪሞት ላይ ቴፑ ሲበራ 12 ቮልት፣ ሲጠፋ ዜሮ መነበቡን ያረጋግጡ።

አሁን ስለ ካፓሲተሩና ስለ ባትሪው። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ቮልቴጁ ከ14 ወደ 13 ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 13.5 ጁል ነው። አምፕሊፋየርዎ 500 ዋት በሚስብበት ቅጽበት ይህ የሚያገለግለው ለ27 ሺሕኛ ሰከንድ ብቻ ነው፤ አንድ የከበሮ ምት እንኳ ከዚያ ይረዝማል። ጉድጓዱ ውኃ ካጠረው አፉ ላይ ባልዲ መደርደር ምን ይጠቅማል? ትልቅ ባትሪም ቢሆን ሞተር ጠፍቶ ለረጅም ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው እንጂ፣ ሞተር እየሠራ ለሚደበዝዝ መብራት መልስ አይሆንም፤ እሱንም መልሶ የሚሞላው ያው ዲናሞ ነው።

ስለዚህ መለካት ይሻላል። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያነባል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። የፊት መብራቱን አብርተው፣ ቤዙን እያስመቱ፣ ባትሪው ላይ እንደገና ይለኩ። ባትሪው ላይ ከ13.5 ሳይወርድ መብራቱ የሚደበዝዝ ከሆነ ዲናሞው ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ሞተሩን ከመኪናው አካልና ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በሚያገናኙት የማሳ ሽቦዎች ላይ ነው፣ በቆዩ ኮሮላዎች ላይ እነዚህ ዝገው ክራቸው ተበጣጥሶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይተኳቸው። ባትሪው ራሱ ወደ 12.5 የሚወርድ ከሆነ ግን መጀመሪያ የዲናሞው ቺንጋ አለመላላቱን ይዩ፤ ቀጥሎ ሞተሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚሠራበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ከፍ አድርገው ይለኩ። ከፍ ሲል የሚስተካከል ከሆነ ዲናሞው ቆሞ በሚሠራበት ጊዜ ያለው አቅም አልበቃውም ማለት ነው፤ አምፕሊፋየሩ ግን አሁን በ8 ኦም ስለሚሠራና ሙሉ ድምፅ ላይ እንኳ ከ32 አምፔር ገደማ በላይ ስለማይስብ፣ ወደዚህ ደረጃ መድረስዎን እጠራጠራለሁ።

ስለ አቀማመጡ ጥቂት ልበል። አምፕሊፋየሩ በሰብ ውፈሩ ሳጥን ላይ ተበስቶ መታሰሩ መልካም አይደለም፤ የሳጥኑ ንዝረት በጊዜ ብዛት በውስጡ ያሉትን ብየዳዎች ይሰነጥቃል። በኋለኛው ወንበር ጀርባ ላይ በእንጨት ሰሌዳ ይሰሩት፣ ዙሪያው አየር እንዲያገኝ ያድርጉ። ክረምት ላይ እርጥብ ዕቃ በሚጫንበት ወለል ላይ አያስተኙት። ብሎን ከመብሳትዎ በፊት ከወዲያ ማዶ ያለውን ይመልከቱ፤ የኮሮላ የነዳጅ ታንከር ያለው ከኋለኛው ወንበር ሥር ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጌይን የሚነካው። ጌይን የድምፅ ማጉያ ቁልፍ አይደለም፤ ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት መጠን ከአምፕሊፋየሩ አቅም ጋር የሚያስተካክል ነው። ዝቅ ቢል አምፕሊፋየሩ ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት ቴፑ ይበልጥ ከፍ ማለት አለበት፤ ከልክ በላይ ከፍ ቢል ደግሞ የሞገዱ ጫፍና ግርጌ ይቆረጣል፣ ስፒከሩም የተቆረጠውን ሞገድ ወደ ሙቀት እየለወጠ ኮይሉን ያቃጥላል። «ስፒከሩ ደካማ ነበር፣ ተቃጠለ» ከሚባሉት ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ያለቁ ናቸው። ቤዝ ቡስት የሚለውን ቁልፍ ዜሮ ላይ አድርገው ይርሱት፤ በ45 ኸርዝ 12 ዴሲቤል መጨመር ማለት አምፕሊፋየሩን በዚያ ድምፅ ላይ 16 እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቴፑን ኢኳላይዘር ሁሉ ዜሮ ያድርጉ፣ ላውድነስ ይጥፋ። የአምፕሊፋየሩን ማጣሪያዎች ለጊዜው ይዝጉ፣ ጌይኖቹን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ያዙሩ። የስፒከርና የሰብ ውፈር ሽቦዎችን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ። ሞተሩን አስነሥተው ቴፑን ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ ላይ ያድርሱት፤ 40 የሚደርስ ከሆነ 30 ላይ ማለት ነው። ፍላሽ ላይ የተጫነ 50 ኸርዝ ተከታታይ ድምፅ ይክፈቱ። ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርገው የሰብ ውፈሩ ይታሰርባቸው የነበሩትን ሁለት የብሪጅ ጫፎች ይለኩ። የሚፈለገው ቮልት የሚገኘው ዋቱን በኦሙ አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን በመውሰድ ነው፦ 120 በ8 ሲባዛ 960፣ ስኩዌር ሩቱም 31 ነው። ጌይኑን ቀስ እያሉ 31 ቮልት እስኪያነብ ያሳድጉት፤ እዚያ ያቁሙ። ለበሮቹ ስፒከሮች፣ ጀርባቸው ላይ 40 ዋት አር ኤም ኤስ (ሳያቋርጡ የሚችሉት ኃይል) ስለሚል፣ 40 በ4 ሲባዛ 160፣ ስኩዌር ሩቱ 12.6 ቮልት ይሆናል።

የቴስተሩን ጉድለት ልንገርዎ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ርካሽ ቴስተሮች የኤሲ ቮልት የሚለኩት የቤት መብራትን በማሰብ ስለሆነ ከ400 ኸርዝ በላይ ሲሆን የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣሉ። ለበር ስፒከር ብዙዎች የሚመክሩት 1000 ኸርዝ ድምፅ በእነዚህ ቴስተሮች አያስተማምንም፤ በ200 ኸርዝ ይሥሩት። ቴስተር የሞገዱን መቆረጥ አያሳይም፣ ያን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለዎት እሱ መሣሪያውን ያውቀዋል።

ስፒከሮቹን መልሰው ካሰሩ በኋላ ማጣሪያዎቹን ይክፈቱ። ለሰብ ውፈሩ ዝቅተኛውን ብቻ የሚያሳልፈውን፣ ለበሮቹ ከፍተኛውን ብቻ የሚያሳልፈውን፣ ሁለቱንም 80 ኸርዝ አካባቢ ላይ ያድርጓቸው። ትንንሾቹ የበር ስፒከሮች ቤዝ እንዲያወጡ ካልተገደዱ ምን ያህል ጠርተው እንደሚጫወቱ ያኔ ይሰማሉ። ቤዙ ከበሮቹ ይልቅ ገኖ ከተሰማዎት የሰቡን ጌይን ዝቅ ያድርጉ፤ ከ31 ቮልት በላይ ግን አያሳድጉት። ቀጥሎ በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሌላ ሰው የሰብ ውፈሩን ሁለት ሽቦዎች እያቀያየረ እንዲያስር ያድርጉና ቤዙ ሞልቶ የሚሰማበትን ይምረጡ። በአንዱ አቅጣጫ ሰብ ውፈሩና በሮቹ በ80 ኸርዝ አካባቢ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ «ሰቡ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሰማም» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ መኪናዋን እንደ ወትሮው አጋሮ ደርሰው ይመለሱባትና ባትሪው፣ ፊውዙ፣ ማሳውና አምፕሊፋየሩ ላይ ያሉትን ብሎኖች እንደገና ያጥብቋቸው፤ ደቃቅ የመዳብ ክሮች ከታሰሩ በኋላ ስለሚረግቡ የመጀመሪያው ማጥበቂያ አይበቃም። ከጨዋታ በኋላ በእጅ ሲነካ የሚሞቅ መጋጠሚያ ካለ እሱን ፈትተው በድጋሚ ይሥሩት። ፉጨቱ ወይም መደብዘዙ ከቀጠለ ሦስት ቁጥሮች ይላኩልኝ፦ ቤዝ እየመታ ባትሪው ላይ የተነበበውን ቮልት፣ በማሳው መስመር ላይ የጠፋውን ቮልት፣ እንዲሁም ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ በኤሲ የተነበበውን።